«የልጅ መጽሐፍ» አትበሉኝ!

«ቫምፓየር አካዳሚ»ን ይዤ ያየኝ ሁሉ «አሁንም የልጅ መጽሐፍ ታነቢያለሽ?» ይለኛል። በቃ ሰለቸኝ! አንድ ገጽ እንኳ ገልጦ አላየም እኮ።

ደራሲዋ ሪሼል ሚድ ከ2007 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የተከታታዩን ስድስቱንም መጻሕፍት አውጥታ ጨርሳለች። አጻጻፏም እንደዚያው ነው፤ ይሮጣል። ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያት፣ ጓደኛሞቹን ሮዝና ሊሳን፣ ስናገኛቸው ከትምህርት ቤት ጠፍተው ሁለት ዓመት ተደብቀዋል። ብዙም ሳንቆይ ይያዙና ሞንታና ወዳለው ትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ሮዝ ግማሽ ቫምፓየር (ደም መጣጭ) ናት፤ ጓደኛዋን ከስትሪጎይ፣ ከእነዚያ ገዳይ ቫምፓየሮች፣ ለመጠበቅ ትሠለጥናለች። ለጓደኛ ነፍስን መስጠት የልጅ ነገር ነው እንዴ? ሦስተኛውን የጨረስኩ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አልቅሻለሁ።

ከመጽሐፉ የተሠራው ተከታታይ ፊልም ነገርማ አይነሳ! በ2022 እ.ኤ.አ. ጀመሩት፣ 10 ክፍል አሳዩንና ሰረዙት። ገና ልባችን ተንጠልጥሎ!

አራተኛውን የተዋሰችኝ ጓደኛዬ ደግሞ ስምንት ወር አለፋት። ስጠይቃት «ኧረ ተይኝ፣ ለመጽሐፍ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» አለችኝ። አዎ፣ ለመጽሐፍ ነው። መልሺልኝ!