መጨረሻውን ላላየው ሰው ተዉለት

አንድ ጸሐፊ «ፊልም ከወጣ ሳምንት ካለፈው መጨረሻውን ማውራት ነውር አይደለም» ማለታቸው አልተዋጠልኝም። ለማን ነው ሳምንት ያለፈው? የአማርኛ ፊልም መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ይታያል፤ ዩቲዩብ ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለው ወገናችን ያንን ነው የሚጠብቀው። የፊልም ዳይሬክተሩ ሂችኮክ በፈረንጆቹ 1960 «ሳይኮ» የተባለውን አስፈሪ ፊልም ሲያወጣ፣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ አስከልክሎ ነበር። በ2019ም «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» የተባለው የሆሊውድ ፊልም ዳይሬክተሮች ተመልካቹ ምስጢር እንዲጠብቅ በደብዳቤ ለምነዋል። እነሱ ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ እኛ ከአስተያየታችን በላይ «መጨረሻውን ይናገራል» ብለን ብንጽፍ ምን ይከብደናል? ከሁሉ የሚያናድደኝ ርዕስና ፎቶ ላይ የሚለጠፈው ነው። አስተያየት ሳይከፍቱ ማለፍ ይቻላል፤ ርዕስ ግን ሳይፈልጉት ዓይን ውስጥ ይገባል። እባካችሁ፣ ቢያንስ እዚያ ላይ አታውጡት።