ድርጅት የሚቀበለው፣ ዘመድ የሚቀበለው

አሜሪካ የሚገባ ሀበሻ በሁለት ይከፈላል። ስደተኛ የሚያሰፍር ድርጅት የሚቀበለውና ዘመድ የሚቀበለው።

የመጀመሪያው ኬንያ ወይም ሱዳን ዓመታት አሳልፎ፣ በስደተኛነት ተመዝግቦ፣ ቃለ መጠይቁን ሁሉ አልፎ የሚመጣው ነው። ኤርፖርት ስሙን በወረቀት የያዘ ሰው ይጠብቀዋል። አፓርታማም ተከራይቶለታል። ቤቱ ውስጥ ምን መኖር እንዳለበት መንግሥት አንድ በአንድ ጽፎታል። ለያንዳንዱ ሰው መኝታ፣ ሳህንና ሹካ፣ ድስት፣ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ መጥረጊያ፣ እስክሪብቶ፣ የማንቂያ ሰዓት። ይቺ ሰዓት ሁሌ ታስቀኛለች። ሰውየው ሻንጣውን ሳይፈታ "ነገ በጊዜ ተነሥ" ተብሏል ማለት ነው። የመጀመሪያ ቀን የለመደው ዓይነት ምግብ እንዲቀርብለትም መመሪያው ያዛል። ከዚያ ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር)፣ የጤና ምርመራ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ሥራ ፍለጋ። ይህ የመጀመሪያው እርዳታ ከ30 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ይጠናቀቃል፣ ጉዳዩን የሚከታተለው የድርጅቱ ሠራተኛ፣ ኬዝ ወርከሩም ወደ ሌላ ቤተሰብ ይሄዳል። የአውሮፕላን ቲኬቱም ቢሆን ብድር ነው። ወለድ የለውም እንጂ ከወራት በኋላ "ክፈል" የሚል ደብዳቤ ይመጣል።

ሁለተኛው ዲቪ የደረሰው፣ በቪዛ መጥቶ የቀረው፣ በሜክሲኮ ድንበር እግሩ እስኪላጥ ተጉዞ የገባው ነው። እኔ የማውቀው አብዛኛው ሀበሻ እዚህኛው ውስጥ ነው። ዲቪ የደረሰው ግሪን ካርዱ ስለሚሰጠው መንግሥት "ራስህን ቻል" ብሎ ይተወዋል። ኤርፖርት የሚጠብቀው የአክስቱ ልጅ ነው። እሱ ከሌለ የጎረቤት ልጅ ጓደኛ። ሶፋው ይዘረጋል፣ ጋቢ ይወጣል፣ ወጥ ይሞቃል። ስንት ቀን ትቀመጣለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መመሪያ የለውም፣ በጀት የለውም፣ ግን ይሠራል።

ይሄ አቀባበል ካገር ቤት የመጣ ነው። አዲስ አበባ ከገጠር ለሚመጣ ልጅ የሚከፈት ቢሮ የለም። ያገሩ ልጅ ግን አለ። ያሳድረዋል፣ ሥራ ያፈላልግለታል፣ ከሁሉም በላይ ዋስ ይሆንለታል። ዋስ የሌለው ሰው ዘበኝነት እንኳ አይቀጠርም። አሜሪካም ዋስ ትጠይቃለች፣ እዚህ ዋሱ ዕዳህን በወቅቱ መክፈልህን የሚያሳይ፣ ክሬዲት የሚባል ቁጥር ነው። አዲስ መጪ ደግሞ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ያው የአክስት ልጅ አፓርታማ ኪራይ ላይ አብሮ ይፈርማል።

እስከዚህ ድረስ የኛ ሰው ከማንም ድርጅት ይበልጣል ብል አላፍርም። ችግሩ ወዲህ ነው። ዘመድ ያበላል እንጂ ቀን አይቆጥርም።

ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው አሜሪካ በገባ በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። ከጥቂት ልዩ ምክንያቶች በቀር ቀኑ ካለፈ ኬዙ፣ ማለትም የጥገኝነት ጉዳዩ፣ እጅግ ይከብዳል። የሥራ ፈቃድ ጥበቃም የሚቆጠረው ማመልከቻው ከገባ በኋላ ነው። ይህን ድርጅት ያውቀዋል። ሶፋ የዘረጋው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚለው ሌላ ነው። "መጀመሪያ ረጋ በል፣ በካሽ የሚከፍል ሥራ ያዝ፣ ወረቀቱ ይደርሳል።" ከደግነት የመጣ ምክር ነው። በዚህ ደግነት ዓመቱ ያልፋል። ከዚያ "ኬዝ እጽፋለሁ" የሚል፣ ጠበቃ ያልሆነ ሰው ይመጣል። የሌላ ሰው ታሪክ ስም ቀይሮ ይሸጥለታል። ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡ ድርጅቶች እኮ እዚያው ከተማ ውስጥ አሉ።

ሌላም አለ። ጥገኝነቱ የተፈቀደለት ሰው ከተፈቀደበት ቀን ጀምሮ እንደ ስደተኛ ተቆጥሮ የተወሰነ እርዳታ የማግኘት መብት አለው። ጊዜው ገደብ አለው፣ ወራቱም በየጊዜው ይለዋወጣል። ስንቱ ሰው ኬዙ ሲያልፍለት ድግስ ደግሶ፣ ፎቶ ለጥፎ፣ ይህን ሳይሰማ ያመልጠዋል! ቢሰማም የሚሄድ የለም። ይሉኝታ ይይዘዋል። "መንግሥት ቤት ሄዶ ለመነ እንዳልባል" ይላል። የሚገርመው ዘመዱን ለመጠየቅ የበለጠ ያፍራል። ለኬዝ ወርከር "አልገባኝም" ማለት ይቻላል፣ ሥራው ነው። ያሳደረህን ሰው አሥር ጊዜ መጠየቅ ግን ይከብዳል።

ድርጅትንና ዘመድን ማገናኘት የሚቻል መሆኑን ያሳየ አበሻ አለ። በ1983 እ.ኤ.አ. አርሊንግተን ቨርጂኒያ ላይ በዶክተር ጸሐዬ ተፈራ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት፣ ከጊዜ በኋላ በመላ አሜሪካ ስደተኛ ከሚያሰፍሩ ጥቂት ብሔራዊ ድርጅቶች አንዱ ሆኗል። የሚቀበለውም ሀበሻን ብቻ አይደለም፣ ከየትም የመጣውን ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ባለጉዳይ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ልጅህን አስከትለህ እንዲያስተረጉምልህ ማድረግ አይጠበቅብህም።

ወደ አገር ቤት ስመለከት ደግሞ ተቀባዮቹ እኛ ነን። ኢትዮጵያ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ በብዙ መቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን አስጠልላለች። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ሥራ የመሥራት፣ የባንክ ሂሳብ የመክፈትና መንጃ ፈቃድ የማውጣት መብት ይሰጣል። ወረቀቱ ብዙ ያደጉ አገሮችን ያስንቃል። ጋምቤላ ካምፕ ውስጥ ላለ ሰው ግን መብቱና ሥራው አንድ ቦታ አይገኙም። የራሳችን ተመላሾችም እንደዚያው ናቸው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ከሳዑዲ ሲመለስ፣ ቦሌ ላይ አቀባበል፣ ለጥቂት ቀን ማረፊያ፣ ወደ ቤተሰብ መሳፈሪያ ነበረ። ከዚያ በኋላ ያው ቤተሰብ። ልጅቷ የላከችውን ገንዘብ የጨረሰው ቤተሰብ።

አሁን ደግሞ አሜሪካ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የስደተኛ ቅበላዋን በአብዛኛው አቁማለች። ጥቂት ብቻ ታስገባለች። ድርጅቶቹ ሠራተኛ ቀንሰዋል። ስለዚህ ሥራው እየተመለሰ ያለው ወደ ዘመድ ነው።

አንድ ሰው ሲሞት አስከሬን አገር ቤት ለመላክ በሁለት ቀን ገንዘብ የምናዋጣ ሰዎች ነን። እድሩ አለ፣ የስልክ ዝርዝሩ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ አለ። በዚሁ ሰንሰለት ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ቢጨመር ምን ይከብዳል? የገባህበት ቀን፣ የ1 ዓመቱ ገደብ፣ ነጻ ጠበቃ የሚገኝበት ስልክ፣ ኬዝህ ካለፈ በዚያው ሳምንት የምትሄድበት ቢሮ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ። ለእንግዳው ብቻ ሳይሆን ሶፋውን ለዘረጋውም ይሰጠው፣ ምክሩን የሚሰጠው እሱ ነውና።