ጥቁር ሆኖ ካልታየ መግል አይደለም ያለው ማነው?

እዚህ ስለ ጉበት መግል የወጣው ጽሑፍ «የጉበት መግል በአልትራሳውንድ ሁልጊዜ ጥቁር ፈሳሽ ሆኖ ይታያል» ማለቱ ያሳስበኛል፤ ደሴ ውስጥ አልትራሳውንድ ላይ ስለምሠራ የማየው ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መግሉ ገና ስላልቀለጠ ቦታው ከጉበቱ ጋር ይመሳሰላል፣ ወይም ጠጣር ዕጢ ይመስላል። በትኩሳትና በቀኝ ጎን ውጋት ከኮምቦልቻ የመጡ አንድ አባት ሌላ ቦታ «ዕጢ ነው» ተብለው ቤተሰቡ ተስፋ ቆርጦ ነበር፤ ከቀናት በኋላ ደግመን ስናያቸው መሃሉ ቀልጦ፣ በጎናቸው ሲገለበጡ ዝቃጩ አብሮ ሲንቀሳቀስ ስክሪኑ ላይ በግልጽ ይታያል። ሲቲ ስካን በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ ሲነሣ የመግሉ ዳር እንደ ቀለበት ያበራል፣ ዙሪያውን ደግሞ ያበጠው ጉበት ደብዘዝ ይላል። አሜባ በሚባለው የአንጀት ተውሳክ የሚመጣው መግል ብዙውን ጊዜ አንድ ሆኖ በጉበቱ ቀኝ በኩል ነው፤ በባክቴሪያ የሚመጣው ትንንሽ ሆኖ ሊሰባሰብ ይችላል፤ በምስል ብቻ ግን ሁለቱን መለየት ያስቸግራል፣ የደም ምርመራ ወይም በመርፌ የተቀዳ ናሙና ያስፈልጋል። ከላይ በአስተያየታቸው «መድኃኒቱን ጨርሼ ጉድጓዱ አልጠፋም» ላሉት እህቴ፦ ትኩሳቱና ሕመሙ ከለቀቀዎት አይስጉ፣ መግሉ የነበረበት ጉድጓድ ለወራት መታየቱ የተለመደ ነው። ትኩሳቱ ከተመለሰ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።