በእርጅና የሞተ ሰው ኮንክሪት አይፈስስበትም

በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የተሰጠው ፍርድ በተነሣ ቁጥር ዩቲዩብ ላይ ጠበቃ አይታጣም። ሰሞኑን ደግሞ ብሶባቸዋል፦ ጃንሆይን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፣ ማንም አልገደላቸውም፤ የ83 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፣ ታመው ሞቱ፤ ችሎቱም የአሸናፊዎች ድራማ ነበር ይሉናል። እሺ፣ ከዕድሜያቸው እንጀምር።

ሰው በ83 ዓመቱ ይሞታል፤ ማን ካደ? ግን ታሞ ለሞተ ሽማግሌ ይለቀሳል፣ ፍትሐት ይደረጋል፣ መቃብሩ ይታወቃል። ደርግ ነሐሴ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ባስከተለው ችግር ሞቱ ብሎ ነገረን፤ ሬሳው የት እንዳለ ግን ትንፍሽ አላለም። አፅሙ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። የት? ቤተ መንግሥቱ ውስጥ፣ ከወለል ሥር፣ ኮንክሪት ፈስሶበት!

ጠበቆቹ ይህን ወለል ዘለው ማለፍ ይወዳሉ። እኔ አላልፈውም። ሕዝብ እንዳይረበሽ ነው ይሉናል። ይህ እኮ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ሚኒስትሮችን፣ ጄኔራሎችንና መኳንንትን ያለ ፍርድ ረሽኖ፣ በማግስቱ በሬዲዮ ያወጀ መንግሥት ነው። መግደሉን በሬዲዮ ለመናገር ያላፈረ፣ በሕመም የሞተ ሰው ለመቅበር አፈረ? ሬሳው በወጉ ቢወጣ ገናዡ ያየዋል፣ ቤተሰብ ያየዋል፣ ሐኪምም ሊያየው ይችላል። የተፈራው ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት ካለ ይንገሩን።

የቀዶ ሕክምናውንም ወሬ ቢሆን ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ውድቅ አድርገውታል። ሐኪማቸው ነበሩ፤ ከሕክምናው የመጣ ችግር የለም ብለዋል። እሳቸውንም የኢሕአዴግ ምስክር እንዳይሏቸው፣ በኋላ ያሰራቸው ራሱ ኢሕአዴግ ነው።

ችሎቱ እንከን አልነበረበትም አልልም። ክርክሩ በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ያሳፍራል። የዘር ማጥፋት የሚለው ክስም፣ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንን ስለሚጨምር እንጂ በዓለም አቀፉ ስምምነት ቢሆን አይቆምም ነበር፤ ከዳኞቹም አንዱ በሐሳብ ተለይተዋል። የሕግ ሰዎች እስኪደክማቸው ይከራከሩበት። ዐቃቤ ሕግ ንጉሡ አልጋቸው ላይ ታንቀው ተገደሉ ሲል ያቀረበው ክስ ግን በአንቀጽ ክርክር አይታጠብም። ግድያ በየትኛውም አንቀጽ ግድያ ነው።

ኮሎኔል መንግሥቱ በሌሉበት ተፈረደባቸው እያሉ የሚያላዝኑትስ? ሰውዬው ከግንቦት 1983 ዓ.ም. ጀምሮ ሐራሬ ናቸው። ቀርበው እንዳይከራከሩ ማን ከለከላቸው? ከዚያ ሆነው አልገደልንም ማለቱን ችለውበታል። እንግዲህ ሬሳውን እዚያ ያስቀበረው ማን ነው? ኮንክሪቱንስ ማን አዘዘ? ለዚህ መልስ ያለው ይምጣና ስለ ችሎቱ እንነጋገር።