የአንኮበሯ ወፍ ባሌ ድረስ አታስኬድም
ስለ ብርቅዬ ወፎች የወጣው ጽሑፍ «ብርቅዬ ወፍ ማየት የፈለገ ባሌ ወይም ስሜን ተራሮች ይሂድ» ማለቱ አልተዋጠልኝም። ሰሜን ሸዋን እንዴት ይዘለላል? የአንኮበር ሰሪን የምትባለው ትንሽ ወፍ እኮ ለሳይንስ የታወቀችው እዚሁ አንኮበር ላይ ነው፣ በ1976 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄዱ ነው። ጽሑፉ ሥር «አንኮበር ሄጄ ድንቢጥ ብቻ አየሁ» ብለህ አስተያየት የሰጠኸው ወንድሜ፣ ምናልባት አይተሃት አልፈሃት ይሆናል። ደማቅ ቀለም አትጠብቅ። ቡናማ ናት፣ ሰውነቷ ሰረዝ ሰረዝ ያለበት። ዛፍ ላይም አትፈልጋት። ገደሉ አፋፍ ላይ በመንጋ ሆና መሬት ለመሬት ዘር ስትለቅም ነው የምትገኘው። ጎጆዋንም የምትሠራው እዚያው ገደሉ ሽንቁር ውስጥ ነው። ጉሙ ሳይሸፍነው በጠዋት ውጣ። ወደ ቆላው ወደ መልካ ጀብዱ ስትወርድ ደግሞ ጉሮሮው ቢጫ የሆነ ሌላ ብርቅዬ ሰሪን አለ፣ እሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ጀማ ሸለቆ ደግሞ የሃርዉድ ቆቅ የሚባል ብርቅዬ ወፍ አለ። የመንዝ ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር ምድር እንኳ ተዉት፣ ሕዝቡ ራሱ በአባቶቹ ሥርዓት ጠብቆ ያቆየው ሀብት ስለሆነ ለብቻው መጻፍ አለበት። አንድ ነገር ግን እለምናለሁ፦ ለፎቶ ብላችሁ ወፎቹን በድንጋይ አታስነሱ፣ በተለይ ጎጆ ባለበት ገደል።