ድሬ ቡም ብላለች

የእህቴ ልጅ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራውን ይዞ መጣና አንድ ቃል ጠየቀኝ። ቃሉ «ቡም» ነው። መዝገበ ቃላቱን አብረን ስንገልጥ ሁለት ፍች አገኘን፤ አንደኛው ከባድ የሚያስተጋባ ድምፅ፣ ሁለተኛው ፈጣን የንግድና የሀብት እድገት። ልጁ ግራ ገባው። «አጎቴ፣ ጩኸትና እድገት እንዴት በአንድ ቃል ይጠራሉ?» አለኝ። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ ሳቢያን አድጎ እንዲህ ብሎ መጠየቁ አሳፈረኝ። እጁን ይዤ በረንዳ ላይ አወጣሁትና «ስማ» አልኩት።

ሰማ። ከመንገዱ ማዶ በቅርቡ የተከፈተው የጫማ መደብር በሩ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ሞንታርቦ ገትሯል። እያንዳንዳቸው ከልጁ ቁመት ይበልጣሉ። ዘፈኑ በመታ ቁጥር የእኛ ቤት ሲኒዎች ረከቦት ላይ ይርገፈገፋሉ። ማይክ የጨበጠ ወጣት ደግሞ በዘፈኑ መሀል እየገባ «ታላቅ ቅናሽ! ሳያልቅ ድረሱ!» ይላል። ልጁ ሁለቱን ፍች ወዲያው ተረዳ። መምህሩ ሙሉ ውጤት እንደሚሰጡት አልጠራጠርም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እዚህ ጥበብ ላይ የደረሱት በረጅም መንገድ ነው። ቃሉ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የንብን እምምታ የሚገልጽ ነበር። ከዚያ መድፍና ነጎድጓድ ወረሱት። ገበያ ሲደራ «ቡም አለ» ማለት የተለመደው ገና በ1870ዎቹ፣ ያውም አሜሪካ ውስጥ ነው። ከንቧ እስከ ገበያው አራት መቶ ዓመት ፈጀባቸው ማለት ነው። እኛ ያንን ሁሉ መንገድ በሁለት ሞንታርቦና በአንድ ማከፋፈያ ገመድ ከሰዓት በኋላ ጨረስነው። ንቧን ግን ከነኋላቀርነቷ አዝንላታለሁ፤ እምም ብላ ብላ ማሩንም ራሷ መሥራት አለባት።

የእኛም ከተማ ድሮ እንደ ንቧ ኋላቀር ነበረች። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1902 ባቡሩ ሐረር መውጣቱ ቀርቶ ከተራራው ሥር ሜዳው ላይ ቆመ፤ ሐዲዱ የቆመበት ቦታ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ኋላ ድሬዳዋ ሆነ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። በእሱ ዘመን የሚጮኸው ባቡሩ ብቻ ነው፤ እሱም ሲመጣና ሲሄድ ብቻ። ባቡሩ ሲያፏጭ ለገሀሬ ላይ ተሸካሚው ይነሣል፣ ጋሪው ይሰለፋል፣ ከጅቡቲ የመጣው ጨርቅና ሩዝ ይወርዳል። እቃ ሳያመጣ ያፏጨ ባቡር አላየንም። ምን ያለ ብክነት ነው! ያን የመሰለ ፊሽካ ይዞ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ!

አሁን ያለው የባሰ ነው። በ2016፣ በዚያው በፈረንጆቹ ቁጥር፣ የተመረቀው ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ያለ ነው። መሀል ከተማ ከዚራ ሰፈር ተቀምጦ ጆሮውን ቢያቆም የሚሰማው የለም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጣናም ያው ነው፤ ኮንቴይነር ይገባል፣ ሰነድ ይፈረማል፣ ኮንቴይነር ይወጣል። አንድም ሞንታርቦ የለው። የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና ሆኖ በዝምታ መነገድ ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ስለዚህ የከተማዋን እድገት የተሸከሙት የጫማ መደብሮች፣ ጭማቂ ቤቶችና የስልክ መሸጫዎች ናቸው። የንግድ ሥራ መጀመሪያ ድሮ ዕቃ ማምጣት ነበር። ዛሬ መጀመሪያ ሞንታርቦው ይመጣል፤ ዕቃው ከተገኘ ይከተላል።

የጫማ መደብሩን ውስጡን ማየት ፈለግሁና ገባሁ። ከእኔ ፊት አንድ ሽማግሌ ሸበጥ ይመርጣሉ። አንዱን አንሥተው «ስንት ነው?» ሲሉ ከንፈራቸው አየሁ። ሻጩ ልጅ ስምንት ጣት አሳያቸው፤ ስምንት መቶ ማለቱ ነው። ሽማግሌው አራት ጣት አነሡ፤ አራት መቶ ማለታቸው ነው። ልጁ ራሱን ነቀነቀና ከመደርደሪያው ቁጥር አርባ አወረደላቸው። ሽማግሌው ተቆጥተው አምስት ጣት ዘረጉ። ቁጥር ሃምሳ የለም ብሎ እጁን አራገበ። ሁለቱም ተናደው ተለያዩ።

ይህን ያየ አላዋቂ ሰው ይስቅ ይሆናል። እኔ ግን ቅርስ ተጠብቆ አየሁ። በአካባቢያችን የግመል ገበያ ደላሎች እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ በጣት ጭብጥ ዋጋ የሚነጋገሩበት ጥንታዊ ስልት አለ። ሞንታርቦው ያንን ጠፍቶ ከመቅረት አዳነው። ደላሎቹ እንደሚግባቡና እነዚህ እንዳልተግባቡ አውቃለሁ፤ ጅማሬው ግን ያስደስታል።

ከጫማ መደብሩ ጎን መድኃኒት ቤት አለ። የሚጠቅመኝን ቅባት ልገዛ ሄድኩ። የሕመሙን ዓይነት እዚህ አልጽፍም ብዬ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ካወቀ በኋላ ግን ምን ቀረኝ? መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብዬ በዝግታ ነገርኳት። መድኃኒት ሻጯ ጆሮዋን አቀረበች። ደገምኩላት። እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ምን?» አለች። ሦስተኛ ጊዜ ባለ በሌለ ኃይሌ «የኪንታሮት!» ብዬ ስጮኽ፣ በዚያችው ቅጽበት የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ሞንታርቦዎቹ ዝም አሉ። ባለማይኩ ዝም አለ። ቃሌ ብቻዋን በሳቢያን አየር ላይ ተንሳፈፈች። አንድ የባጃጅ ሾፌር ፍሬን ይዞ አየኝ። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም አይደለምና ከዚያ ቀን ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ «እንዴት ነው፣ ተሻለህ?» እባላለሁ። ይህን የመሰለ ማኅበራዊ ትስስር በዝምታ ይገኝ ነበር?

የሚያጉረመርሙ ሰዎች አሉ። አንዱ ጎረቤቴ ሕግ ይጠቅሳል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ እሱን ተከትሎም የወጣው የድምፅ ወሰን፣ መኖሪያ ሰፈር ቀን 55 ዴሲቤል፣ ሌሊት 45፤ ንግድ ሰፈር ቀን 65፣ ሌሊት 55። አነበብኩት። የሁለት ሰዎች ተራ ጨዋታ እንኳ ወደ 60 ገደማ ነው። ስልኬ ላይ መለኪያ ጭኜ በረንዳዬ ላይ ቆምኩ፤ 88 አለ። የስልክ መለኪያ እንደ መሣሪያ አይታመንም፣ ግን ሲኒዎቹም መስክረዋል። በዴሲቤል ሂሳብ አሥር በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ከ55 እስከ 88 ያለው ልዩነት ሁለት ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። የትኛው ባለሀብት ነው ከሕጉ ሁለት ሺህ እጥፍ አትርፎ የሚያውቅ? የጆሮ ባለሙያዎች 85 ላይ በቀን ስምንት ሰዓት፣ 88 ላይ አራት ሰዓት ከተቆየ መስማት መጎዳት ይጀምራል ይላሉ። መጎዳቱ ደግሞ የሚያስፈራ አይደለም፤ ጆሮ ሲደክም ሞንታርቦውን ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ባለሱቁን ሄጄ አነጋገርኩት። ቅሬታ ይዤ እንደመጣሁ ሳያስጨርሰኝ እሱ ቀደመኝ። «አቦ፣ የእኔን ተወውና የዚያን ጭማቂ ቤት ተናገርልኝ! ትልቅ አምጥቶ የእኔን ድምፅ ዋጠው!» አለ። ጩኸቴን ቀሙኝ የሚባለውን አባባል ሰው በቀጥታ ፍችው ሲናገረው የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከጭማቂ ቤቱ ጋር የሚደረገው ፉክክር ከዚራ ድረስ ዘልቋል። ከዚራ ስል ዛፎቿን ማለቴ ነው፤ መንገዱ ላይ ጥላ ዘርግተው በድሬ ፀሐይ ሰው የሚያሳልፉ ዛፎች። ሆላንዶች በዚያው በ«ቡም» ፊደላት ዛፍን ይጽፋሉ፤ በእነሱ ቋንቋ ከሆነ ከዚራ ገና ድሮ ቡም ነበረች። ዛሬ ሁለቱ ቋንቋዎች ታርቀዋል፤ አንዱ ዛፍ ላይ ድምፅ ማጉያ በሽቦ ታስሮ አይቻለሁ። ወፎቹ ለቀው ሄደዋል። ኪራይ ስለማይከፍሉ የሚጠይቃቸው የለም።

ፈረንጆች አንድ ነገር ደግሞ አስበዋል። ገበያ ሲያድግ «ቡም»፣ ሲወድቅ «ክራሽ» ይላሉ፤ ክራሽም መንኮታኮት፣ የሚሰበር ነገር ድምፅ ነው። በ1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ የተጠራው በዚሁ ስም ነው። አወጣጡንም አወዳደቁንም በድምፅ ይከታተሉታል። እዚህ ላይ እኛ ትንሽ ይቀረናል፤ የሱቅ መዘጋት የሞንታርቦ ሥነ ሥርዓት አልተዘጋጀለትም።

የጫማ መደብሩ በአራተኛው ወር ተዘጋ። የሰማ የለም። ማክሰኞ ጠዋት ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ስላየሁ ነው የጠረጠርኩት። ብረት በሩ ላይ «የሚከራይ ሱቅ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሁለቱ ሞንታርቦዎች ጋሪ ላይ ተጭነው፣ በገመድ ተጠፍረው ቆመዋል። ጎረቤቶች በረንዳቸው ላይ ወጥተው እርስ በርስ «ምን ተፈጠረ? ሰው ሞተ እንዴ?» ይጠያየቃሉ።

ጋሪው ርቆ አልሄደም። ሦስት በር አልፎ አዲስ ሊከፈት ያለ የስልክ መሸጫ ፊት ቆመ። መደርደሪያው ገና ባዶ ነው፤ ገመዱ ግን ተዘርግቷል።

ከዚያ ፊት ለፊት አንዲት እናት ከልጅነቴ ጀምሮ ቅመም ይሸጣሉ። ደንበኛ የሚጠሩት በበርበሬው ሽታ ነው። ሞንታርቦው ሲራገፍ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ባለጋሪው ሄዱ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር በቀን ስንት ይከራያል?» አሉት።

የመለሰላቸውን አልሰማሁም። ውስጥ ያለው ልጅ ማይኩን ከፍቶ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት» እያለ ነበር። እናትየው አንድ ጣት ሲያነሡ አየሁ፤ ባለጋሪው ሦስት አነሣ።