ሶሪትን ማን ይቆጥራታል?

ጅማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ሶሪት የምትባለውን ወፍ አስተውዬ ያየኋት በጀርመን አገር፣ ትኬት ቆርጬ ነው። ልጄን ይዤ ወደ አንድ መካነ አራዊት በገባሁ ዕለት፣ በሞቀ የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ደረቷ አረንጓዴ፣ አናቷ ላይ ያለው ጉትዬ ጥቁር ሰማያዊ፣ ዓይኗ በቀይ ቀለበት የተከበበ፤ ከዓይኗ ፊት ደግሞ የኖራ ጠብታ የመሰለ ነጭ ምልክት አለ። የተከተፈ ፓፓያ በሳህን ቀርቦላታል። አጠገቧ የተለጠፈው ጽሑፍ ኢትዮጵያን ይጠቅሳል። «አባባ፣ እናንተ ሰፈር አለች?» አለችኝ ልጄ። «ሞልታለች!» አልኳት በኩራት። እውነቱን ለመናገር፣ ከልጅነቴ የቀረኝ ድምጿ እንጂ መልኳ አልነበረም።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ለካ እኔና ሶሪት በዚህ ከተማ በኩል የቆየ ዝምድና አለን። ሳይንሳዊ ስሟን እ.ኤ.አ. በ1835 ያወጣላት ኤድዋርድ ሩፔል የፍራንክፈርት ሰው ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን ዞሮ የሰበሰባቸውን እንስሳትና አዕዋፍ የላከውም ወደዚሁ ከተማ ሙዚየም ነው። ስሟ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «ነጭ ጆሮ» እንደማለት ነው። የቤተሰቧ ሳይንሳዊ ስም ደግሞ «ሙዝ በሎች» ማለት ሲሆን፣ በጫካ የሚኖሩት እነዚህ ወፎች ሙዝ የሚበሉት ከስንት አንዴ ነው። ስም አውጪዎቹ ትንሽ ቸኩለዋል።

ጀርመኖች ወፍ ይወዳሉ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ክረምት ሲገባ በረንዳቸው ላይ የሱፍ ፍሬና በሞራ የተለወሰ እህል ይሰቅላሉ። በየዓመቱ በጃንዋሪ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አንድ ሰዓት ቁጭ ብለው በጓሯቸው ያረፈውን ወፍ የሚቆጥሩበት ልማድ አለ። እሳቸውም ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው፣ እርሳሳቸውን ቀርጸው ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ ጠርተውኝ አብሬያቸው ቆጠርኩ፤ ሰባት ወፍ። በእርሻቸው ላይ የነበረው ወፍ ክፉኛ መመናመኑን የሚጽፉት ግን ጀርመኖቹ ራሳቸው ናቸው። ማሳው እስከ መንገዱ ጠርዝ ታርሷል፣ የድንበር ቁጥቋጦው ተመንጥሯል፣ መድኃኒቱም ተረጭቷል። ፍቅሩ በረንዳ ላይ ቀረ።

ባለፈው ኅዳር ጅማ ስገባ ይህ ሁሉ በጭንቅላቴ ነበር። አጎቴ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ቡና አላቸው፤ ለቀማ ላይ ደረስኩ። ማለዳ ከመኝታዬ የቀሰቀሰኝ ሻካራ ድምፅ ነው፤ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሽማግሌ ይመስላል። አጎቴ ናቸው ብዬ ብወጣ፣ እሳቸው ገና ተኝተዋል።

ከቤቱ ጀርባ ካለው ሾላ ላይ ነበረች። ሶሪት ለመብረር ሰነፍ ናት፤ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ስትሮጥ ግን ሽኮኮ እንጂ ወፍ አትመስልም። የውጪውን ጣቷን ወደፊትም ወደኋላም ማዞር መቻሏ ለዚህ ሳይረዳት አልቀረም። ፍሬውን ሳታላምጥ ትውጣለች፤ ዘሩን ሌላ ቦታ ሄዳ ትጥላለች። ከዚያ ድንገት ክንፏን ዘርግታ ወደ ቢርቢራው ተሻገረች፣ አረንጓዴው ውስጥ ተሸሽጎ የቆየው ደማቅ ቀይም ቦግ ብሎ ጠፋ።

ከዛፉ ሥር አንድ ቀይ ላባ አገኘሁ። የዚህ ቀይ ምስጢር መዳብ ነው። ቸርች የሚባል እንግሊዛዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1869 ቀለሙን ለይቶ አወጣና መዳብ ያለበት ሆኖ አገኘው። የአብዛኞቹ ወፎች አረንጓዴ ብርሃን በላባው ላይ ሲሰበር የሚፈጠር ነው፤ የሶሪት ዘመዶች አረንጓዴ ግን እውነተኛ ቀለም ነው፣ እሱም መዳብ አለበት። ቀዩ በሳሙና ውሃ እንደሚለቅ አንብቤ ስለነበር፣ ላባውን በልብስ ሳሙና ውሃ ዘፍዝፌ አደርኩ። ጠዋት ውሃው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኗል። አጎቴ ጎንበስ ብለው አዩና «ይህን ልትማር ነው ፈረንጅ አገር የሄድከው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ማሳ ላይ ስንት ሶሪት አለ?»

«ሾላው ሲያፈራ ትመጣለች፣ ሲያልቅ ወደ ዶቅማው ትሄዳለች። ቆጥሬ ምን ላደርግ? ግብር ላስከፍላት?»

ስለ ወፍ ፍቅር የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ ጀመርኩትም። አልጨረስኩትም። አጎቴ በገጀራቸው ጫፍ ከአጥሩ ማዶ ያለውን የጎረቤት መሬት አሳዩኝ። ጥላ ዛፉ ተቆርጦ ጫት ተተክሎበታል። ጫት ፀሐይ ይፈልጋል፣ ቡና በዓመት አንዴ ሲለቀም እሱ ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ሰውየውም የሚያስተምራቸው ልጆች አሉት። ምን ብዬ ልፍረድበት? እዚያ ላይ አንድም ሶሪት አላረፈችም፤ የምታርፍበትም የለም።

አጎቴ ሾላውንና ሰሳውን ያቆዩት ቡናቸው በፀሐይ እንዳይመታ ነው፤ ሶሪት ትዝም አላለቻቸውም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በአገራችን የጥላ ቡና ውስጥ ከተፈጥሮ ደኑ የበለጠ የወፍ ዓይነት አግኝቷል፤ ከደን መለየት የማይወዱት ወፎች ግን በቡናው ውስጥ ያንሳሉ። ስለዚህ የአጎቴ ማሳ ደኑን ይተካል ማለቴ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ቀን እንኳ ቆጥረዋት የማያውቁ ሰው ቤትና ቀለብ ሰጥተዋታል፤ እኔ ደግሞ ስለ መዳቧ አውቄ የሰጠኋት ነገር የለም።

ከመመለሴ በፊት ድምጿን ለጎረቤቴ በስልኬ ቀዳሁላቸው። ፍራንክፈርት ውስጥ፣ በረንዳቸው ላይ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ሦስት ጊዜ አዳመጡት። የቡና ሙቀጫ ይሰማል፣ ዶሮ ይጮኻል፣ አጎቴ ያስላሉ።

«ወፏ የትኛዋ ናት?» አሉኝ።

«ሁለተኛው ሳል» አልኳቸው።